የጉበት አውቶኢሚዩን በሽታ፦ ከዘርና ከአካባቢ የሚመጣውን ስጋት ደረጃ በደረጃ ማጣራት

ጉበቱ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከምን መጣብኝ?» ብሎ ነው። ቫይረስ ከሆነ መልሱ በአንድ የደም ምርመራ ይገኛል። መጠጥ ከሆነም ሰውየው ራሱ ያውቀዋል። የሰውነት በሽታ መከላከያ በገዛ ጉበቱ ላይ ሲነሳ ግን፣ አውቶኢሚዩን የሚባለው ይህ ነው፣ ነገሩ ይወሳሰባል። አንድ ነጠላ ምክንያት የለውም። ከወላጅ የተወረሰ ዝንባሌ አለ። በዚያ ላይ በሕይወት ዘመን የተዋጠው፣ የተቃመው፣ የተያዘው ኢንፌክሽን ይጨመርበታል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንደኛው እናቱ ወይም እህቱ በዚህ በሽታ ተይዛ «እኔስ?» እያለ የሚጨነቅ ነው። ሁለተኛው የጉበት ምርመራው ከፍ ብሎበት፣ ቫይረስም ሳይገኝበት፣ ከስፔሻሊስት ቀጠሮው በፊት መዘጋጀት የሚፈልግ ነው። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው። የወረሳችሁትን ዘር መቀየር አትችሉም። ወደ ሰውነታችሁ የገባውን ነገር ግን አንድም ሳትደብቁ መዝግባችሁ ለሐኪም ማቅረብ ትችላላችሁ። ያ ዝርዝር ከየትኛውም ውድ የዘረመል ምርመራ ይበልጣል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ዓይናችሁ ቢጫ ሆኖ ከዚያ ጋር መቃዠት፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካለ ማንበቡን ተዉት። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 1፦ የትኛው በሽታ እንደሆነ እወቁ

«የጉበት አውቶኢሚዩን በሽታ» ሲባል በዋናነት ሦስት በሽታዎች አሉ። የሚያጋልጣቸው ነገር ስለሚለያይ ስማቸውን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ነው። የሚጠቃው ራሱ የጉበት ሕዋስ ነው። በማንኛውም ዕድሜ ይመጣል፤ ሕፃንም አዛውንትም ይይዛል። ሴቶች ላይ ከወንዶች ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይበዛል። ስዊድናዊው ሐኪም ያን ቫልደንስትረም በ1950 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣት ሴቶች ላይ አይቶ ከገለጸው ወዲህ ነው እንደ አንድ በሽታ መታየት የጀመረው።

ሁለተኛው ፕራይመሪ ቢሊያሪ ኮላንጃይተስ ይባላል፤ በአጭሩ ፒቢሲ። እዚህ የሚጎዱት በጉበት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የሐሞት ቱቦዎች ናቸው። በብዛት የሚታየው በመካከለኛ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ማሳከክና ድካም ዋና ምልክቶቹ ናቸው። በድሮው ስሙ «ሲሮሲስ» (በጠባሳ የተጎዳ ጉበት) የሚል ቃል ስለነበረበት ሕሙማንን ያለአግባብ ያስደነግጥ ነበር፤ ስሙ ወደ አሁኑ የተቀየረው በ2015 አካባቢ ነው።

ሦስተኛው ፕራይመሪ ስክሌሮሲንግ ኮላንጃይተስ ወይም ፒኤስሲ ነው። ይህኛው ወንዶች ላይ ይበዛል። ከተያዙት ብዙዎቹ የአንጀት ቁስለት በሽታም አለባቸው፤ በተለይ አልሰረቲቭ ኮላይተስ የሚባለው። ስለዚህ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚመላለስበት ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ከጉበቱ ጋር የማይገናኝ መስሎት መተው የለበትም።

ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው የሚታዩበት ጊዜም አለ። ሐኪማችሁ የሰጣችሁን ስም ሙሉውን ጻፉት። «የጉበት ችግር አለብህ ተባልኩ» የሚለው ለማንም አይረዳም።

ደረጃ 2፦ የቤተሰብን ታሪክ ጠይቁ፤ ሄፓታይተስ ቢን ግን ለዩ

ይህ ደረጃ ለእኛ አገር ሰው በጣም ስለሚያስፈልግ ትንሽ ልቆይበት።

በብዙ ቤተሰብ ውስጥ «አያታችን በጉበት ሞቱ፤ አጎታችንም እንዲሁ» የሚል ወሬ አለ። ሰው ይህን ሲሰማ በሽታው በዘር የሚተላለፍ ይመስለዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ጉበቱን ሲታመም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል፤ በልጅነት ደግሞ ከወንድም ወደ እህት። ከውጭ ለሚያየው ፍጹም የዘር በሽታ ይመስላል። ስለዚህ ማንም ሰው ስለ ዘረመል ከማሰቡ በፊት የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ያድርግ። ነጻ ከሆነና ካልተከተበ ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ይውሰድ።

ያ ከተጣራ በኋላ ወላጆችን፣ ወንድሞችንና እህቶችን፣ ልጆችን ጠይቁ። እነዚህ የቅርብ ዘመዶች ናቸው ክብደት ያላቸው። በዴንማርክ የአገሪቱን ሕዝብ መዝገብ ተከትሎ የተሠራና በ2018 የወጣ ጥናት፣ የአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ታማሚ የቅርብ ዘመዶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ወደ 5 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። 5 እጥፍ ሲባል ያስፈራል። በቁጥር ሲታይ ግን በ10 ዓመት ውስጥ ከ1,000 ዘመድ አንድ ሰው ገደማ ነው። እንደ አክስትና አያት ያሉ ራቅ ያሉ ዘመዶች ላይ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልታየም። እህታችሁ ታማ እንቅልፍ ያጣችሁ ካላችሁ ይህን ቁጥር ያዙት።

ፒቢሲ ላይ የዘር ክብደት ይበረታል። በ2004 የወጣ ጥናት ከአንድ እንቁላል የተፈጠሩ መንትዮችን አይቶ፣ አንዷ በታመመችበት ሌላዋም የመታመሟ መጠን 63 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ለአውቶኢሚዩን በሽታ በጣም ከፍተኛ ነው። ያም ሆኖ 100 በመቶ አይደለም። ዘራቸው አንድ ሆኖ አንዷ ጤነኛ የምትቀርባቸው መንትዮች መኖራቸው ሌላ ነገር እንዳለ ያሳያል።

ስትጠይቁ በጉበት ብቻ አትወሰኑ። የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ በልጅነት የጀመረ ስኳር፣ የመገጣጠሚያ ሪህ፣ ሉፐስ፣ ለምጽ፣ የዓይንና የአፍ ድርቀት እያላችሁ ጠይቁ። እነዚህ በሽታዎች አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይሰባሰባሉ። አንድ ሰው ላይም ሁለት ሦስቱ ይደራረባሉ።

አጠያየቁም ብልሃት ይፈልጋል። ታላላቆቻችን የበሽታ ስም አይነግሩንም፤ ወይ አልተነገራቸውም፣ ወይ ያፍራሉ። ስለዚህ ምልክቱን ጠይቁ። «እትዬ፣ አባባ ከማረፋቸው በፊት ሆዳቸው አብጦ ነበር? ዓይናቸውስ ቢጫ ሆኖ ነበር? ያሳክካቸው ነበር? መጠጥስ ይወስዱ ነበር?» እንዲህ ሲጠየቁ አብዛኞቹ በደንብ ያስታውሳሉ። ዕድሜውንም ያዙ። በ30 ዓመት የታመመና በ75 ዓመት የታመመ ሰው ታሪካቸው አንድ አይደለም።

ደረጃ 3፦ የዘረመሉን ነገር በልኩ ተረዱት

በሽታውን የሚያመጣ «አንድ ክፉ ጂን» የለም። ዋናው ዘረመላዊ ስጋት ያለው በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ኤችኤልኤ በሚባለው የዘረመል ሠፈር ነው። የኤችኤልኤ ፕሮቲኖች ሥራ የቁርጥራጭ ፕሮቲን ናሙናዎችን ለመከላከያ ሕዋሳት ማሳየት ነው። ሕዋሳቱም አይተው «ይህ የራሳችን ነው» ወይም «ይህ ባዕድ ነው» ይላሉ። አንዳንድ የኤችኤልኤ ዓይነቶች ናሙናውን የሚይዙበት ቅርጽ ለስህተት ያመቻል ተብሎ ይታሰባል።

በአውሮፓውያን ዘንድ ከአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ጋር በጥብቅ የተያያዙት ዲአርቢ1*03:01 እና ዲአርቢ1*04:01 ናቸው። በ2014 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ሰፊ የዘረመል ጥናትም ይህን አረጋግጧል። ጃፓን ስትሄዱ ግን ዲአርቢ1*04:05 ይመጣል። በደቡብ አሜሪካ ሕፃናት ላይ ደግሞ ዲአርቢ1*13:01 ነው ጎልቶ የታየው። ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እነዚህ ዓይነቶች በብዙ ሚሊዮን ጤነኛ ሰዎች ላይ አሉ። ተሸካሚ መሆን ታማሚ መሆን አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት በአውሮፓ፣ በጃፓንና በአሜሪካ አህጉር ነው፤ ውጤታቸውን እንዳለ ወስዶ ለእኛ ሕዝብ መናገር አይቻልም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖሩ ወገኖቼ በምራቅ የሚሠራ የዘር መመርመሪያ ገዝታችሁ የጉበታችሁን ዕጣ ለማወቅ ባትሞክሩ እመርጣለሁ። የሚመጣው ውጤት ወይ ያለምክንያት ያስጨንቃችኋል፣ ወይ ያለምክንያት ያዘናጋችኋል። በዚያው ገንዘብ የጉበት ምርመራ ብታደርጉ ይሻላል።

ለየት የሚለው አንድ ሁኔታ አለ። ኤአይአርኢ የሚባለው ጂን ሲበላሽ ሕፃናት ላይ ብዙ የአውቶኢሚዩን በሽታዎች በአንድነት ይመጣሉ። የማይለቅ የአፍ ፈንገስ፣ የካልሲየም ማነስ፣ የአድሬናል ዕጢ ድክመት፣ አንዳንዴም ሄፓታይተስ። በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። እነዚህ ነገሮች በልጃችሁ ላይ ከተደራረቡ ግን የዘረመል ምርመራው ትርጉም አለውና ሐኪሙን ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ የዋጣችሁትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉ

ወረቀት አውጡ። ካለፈው አንድ ዓመት ጀምሩ፤ ከቻላችሁ ሁለት ዓመት ወደኋላ ሂዱ። የመድኃኒቱን ስም፣ የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ወር፣ ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ። ካርቶኑ ካለ ፎቶ አንሱት። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛው፣ ጎረቤት የሰጠችው፣ ከውጭ ዘመድ የላከው ሁሉ ይቆጠራል።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? አንዳንድ መድኃኒቶች በደም ምርመራም፣ በባዮፕሲም (ከጉበት በሚወሰድ ናሙና) ሳይቀር አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስን የሚመስል ጉዳት ያመጣሉ። ማዮ ክሊኒክ ውስጥ 261 ታማሚዎችን አይቶ በ2010 የወጣ ጥናት 24ቱ በሽታቸው ከመድኃኒት የመጣ መሆኑን አግኝቷል። ይህ ልዩነት ሕይወት ይቀይራል። ከመድኃኒት የመጣባቸው ሰዎች መድኃኒቱ ሲቆም፣ ሕክምናውም ቆሞ ሳያገረሽባቸው ቀርቷል። ከሌሎቹ ግን ሕክምና ሲቋረጥ ብዙዎቹ ላይ አገርሽቷል። አንዱ ለወራት የሚታከም ነው፤ ሌላው ምናልባት ዕድሜ ልክ።

በተለይ ተጠያቂ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦

- ናይትሮፉራንቶይን። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሰጣል። ለአምስት ቀን የወሰደች ሴት ብዙም አትጨነቅ፤ ስጋቱ የሚጎላው ለመከላከያ ተብሎ ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ ነው።
- ሚኖሳይክሊን። ለብጉር ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ እንክብል ነው። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ይመጣል።
- ሜቲልዶፓ። አገራችን ውስጥ ለነፍሰ ጡሮች ደም ግፊት በሰፊው ይሰጣል። ለእርግዝና ተስማሚ በመሆኑ ነው የሚመረጠው፤ ጥቅሙም እውነተኛ ነው። ጥቂት ሴቶች ላይ ግን ጉበትን ያስቆጣል። ነፍሰ ጡር ሆና ሜቲልዶፓ የምትወስድ ሴት ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ መድኃኒቱን ለሐኪሙ በስም ትጥቀስ።
- ሃይድራላዚን። ይህም የግፊት መድኃኒት ነው።
- ዳይክሎፌናክ። ለወገብ፣ ለጥርስ፣ ለጉልበት እየተባለ በመርፌም በክኒንም ይወሰዳል። ሰው «ማስታገሻ» ብሎ ስለሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። አስገቡት።
- ኢንፍሊክሲማብ። ለአንጀት ቁስለትና ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚሰጥ ነው፤ በብዛት የሚያገኙት ውጭ ያሉ ሕሙማን ናቸው።

የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም ስማቸው ይነሳል፤ የሚያጋጥመው ግን በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ ልብን የሚጠብቁት ደግሞ ብዙውን። ማንም ይህን አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ እንዳያቆም አደራ። በተለይ የግፊት መድኃኒት። ጻፉት፣ አሳዩት፣ ሐኪሙ ይወስን።

ደረጃ 5፦ ጫት ከተቃመ በግልጽ ይነገር

የተለመዱት የጤና ጽሑፎች ስለ አካባቢያዊ ስጋት ሲያወሩ ይህን አያነሱም። ለእኛ ግን ምናልባት ከሁሉ በላይ የሚመለከተን ይህ ነው።

በሐረር፣ በጁገል እና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች፣ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ይዞአቸው የመጡ ሰዎች ተመርምረው ብዙዎቹ ላይ ቫይረስም፣ መጠጥም፣ ሌላ የታወቀ ምክንያትም አልተገኘም ነበር። ተመራማሪዎች ሕሙማኑን ከጤነኞች ጋር አነጻጽረው በ2018 ያወጡት ውጤት ጫት መቃም ለጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳየ። አቃቃሙ በበዛ ቁጥር ስጋቱም ይጨምራል። እንግሊዝ አገርም ከምሥራቅ አፍሪካና ከየመን የሄዱ ወጣት ወንዶች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አይጂጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ከፍ ብሎ፣ ራስን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትም ተገኝተው፣ መልኩ ልክ እንደ አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ሆኖ ነበር የመጡት። ሲያቆሙ የተሻላቸው አሉ። ተመልሰው ሲቅሙ ያገረሸባቸውም አሉ፤ ከሁሉ የሚያሳምነው ማስረጃ ይህ ነው።

የሚቅም ሁሉ አይታመምም። አንድ በርጫ ላይ ለዓመታት አብረው ከተቀመጡት አንዱ ብቻ ነው ጉበቱ የሚቆጣው። እዚህ ላይ ነው ዘርና አካባቢ የሚገናኙት፤ የአንዱ ሰውነት የሚችለውን የሌላው አይችልም። ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይስ ተብሎ መጠየቁም ተገቢ ነው፤ በአገራችን ጫት ላይ ዲዲቲ ጭምር ተገኝቷል። ይሁን እንጂ «አጥቤ ከቃምኩት ችግር የለውም» ማለት አይቻልም፤ ተጠርጣሪው ራሱ ቅጠሉም ጭምር ነው።

ስለዚህ እንዲህ መዝግቡ። በስንት ዓመታችሁ ጀመራችሁ? በሳምንት ስንት ቀን? በአንድ መቀመጫ ስንት ሰዓት፣ ስንት እስር ወይም ዙርባ? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ቃማችሁ? ከጫት በኋላ ለጨብሲ ምን ትጠጣላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ አይዘለል፤ አልኮሉ ጉዳቱን ይደርብበታል።

ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ይህን ይደብቃል። በተለይ እናቶቻችን ዘመድ አብሮ ከገባ አፋቸውን አይከፍቱም። ከዘመድ ፊት መናገር ካልቻላችሁ «ዶክተር፣ ለብቻ ላናግርዎት» ማለት ይበቃል። ውጭ አገር ያላችሁም እንዲሁ። አሜሪካ ያለ ሐኪም ስለ ጫት ላያውቅ ይችላልና ቅጠሉ ምን እንደሆነ፣ ከጉበት ጋርም እንደሚያያዝ እናንተው ንገሩት። ጉበቱ አንዴ ተቆጥቶ የነበረ ሰው «ትንሽ ትንሽ» ብሎ መመለስ የለበትም። ለእሱ የሚሆን ልክ የለም።

ደረጃ 6፦ ባህላዊ መድኃኒትና ሳፕልመንት

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሥር ተቀጥቅጦ የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። የባህል ሐኪሞቻችንን ዕውቀት አልንቅም። ነገር ግን የተቆጣ ጉበት ላይ ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ነገር መጨመር አደገኛ ነው። የሚከፋው ደግሞ የሚባክነው ጊዜ ነው። አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ካለባቸው ሰዎች ሲሶ የሚሆኑት በሽታው ሲታወቅላቸው ጉበታቸው ጠባሳ ይዞ፣ ሲሮሲስ ላይ ደርሶ ነው የሚገኙት። የጠጣችሁት ካለ ግን አትፈሩ፤ የቅጠሉን ወይም የሥሩን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ጻፉ። የተረፈ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

እርድን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ይነሳል። አልጫ ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ ችግር አይደለም። ጉበት ላይ ጉዳት ሲያደርስ የታየው በእንክብል የሚሸጠው፣ የተጠናከረው እርድ ነው፤ አንዳንዴም ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ከቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ጋር የተቀላቀለው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ከተጎዱት ብዙዎቹ ኤችኤልኤ ቢ*35:01 የሚባለውን ዓይነት ይዘው ተገኝተዋል። ለክብደት መቀነሻ በሚወሰድ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ እንክብል በተጎዱትም ላይ ያው ዓይነት ነው የተገኘው። ስለዚህ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው የማስታወቂያ ቃል አያዘናጋችሁ። አሽዋጋንዳ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ዕፅ እና የክብደት መቀነሻ ሻዮችም ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ።

ስለ አካባቢ ስናወራ የትግራይን ታሪክ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ከ2001 ጀምሮ በታሕታይ ቆራሮ አካባቢ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። ያ በሽታ አውቶኢሚዩን አልነበረም። ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የተደረሰበትም የሚበላውንና የሚጠጣውን አንድ በአንድ በመከታተል ነው። ቤታችሁ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ወቅት ከታመመ ይህንኑ አድርጉ፤ እህሉንም ማሩንም ውኃውንም ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ቀሪዎቹን በፍጥነት እዩ

ሲጋራ፦ ከፒቢሲ ጋር በተደጋጋሚ ተያይዟል፤ በሽታውንም ያባብሳል። አቁሙ።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፦ የተመላለሰባቸው ሴቶች ላይ ፒቢሲ በዝቶ ታይቷል። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ፕሮቲን በፒቢሲ ከሚጠቃው የሰው ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል መከላከያ ሕዋሳቱ ሳይሳሳቱ አይቀሩም የሚል ግምት አለ።

የጥፍር ቀለም፦ በ2005 አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ የፒቢሲ ሕሙማን የተጠየቁበት ጥናት አዘውትረው በሚቀቡት ላይ ትንሽ ጭማሪ አግኝቷል። ለሠርግ የሚቀባ ሰው የሚጨነቅበት አይደለም። ጥፍር ቤት ውላችሁ የምታድሩ ሠራተኞች ግን መስኮት ክፈቱ፣ ጭምብል አድርጉ።

ቫይረስ፦ ሄፓታይተስ ኤ ወይም ኢ፣ ወይም ኢቢቪ የሚባለው ቫይረስ ካለፈ በኋላ አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ የጀመራቸው ሰዎች አሉ። «ወፍ ይዞኝ ዳንኩ» ካላችሁ በኋላ ድካሙ ለወራት ካልለቀቀ ደግማችሁ ተመርመሩ።

ወሊድ፦ በሽታው ያለባት ሴት በእርግዝና ወራት ሊሻላት፣ ከወለደች በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ሊነሳባት ይችላል። አራስ ሆና ድካሙን በእንቅልፍ ማጣት ብቻ አታሳብበው።

ደረጃ 8፦ ትክክለኛውን ምርመራ ጠይቁ፤ ውጤቱንም በአገራችን ዓይን አንብቡ

መነሻው ቀላል ነው። የጉበትን ሁኔታ ከደም የሚለኩ ምርመራዎች ናቸው፦ ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ እና ቢሊሩቢን። ብዙ ላብራቶሪ ይሠራቸዋል። ኤኤልቲና ኤኤስቲ ከፍ ካሉ ሐሳቡ ወደ ሄፓታይተስ ይሄዳል፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ ከሆነ ወደ ሐሞት ቱቦ። ቀጥሎ የአይጂጂ መጠንና ፀረ እንግዳ አካላቱ ይታያሉ፤ ኤኤንኤ፣ ኤስኤምኤ፣ በልጆች ላይ ኤልኬኤም፣ ለፒቢሲ ደግሞ ኤኤምኤ። ኤኤምኤ ከ10 የፒቢሲ ሕሙማን በ9ኙ ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአውሮፓ መጽሐፍ «አይጂጂ ከፍ ካለ አውቶኢሚዩን ነው» ወደሚል ያጋድላል። እኛ ዘንድ ግን አይጂጂን ከፍ የሚያደርግ ብዙ ነገር አለ። ወባ አለ፣ ቢልሃርዝያ አለ። መተማና ሁመራ ወርዶ የሠራ ሰው ላይ ካላ አዛር አለ፤ እሱ ጉበትና ጣፊያን ያሳብጣል፣ ኤኤንኤንም አዎንታዊ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የሠራችሁበትን ቆላ፣ የዋኛችሁበትን ሐይቅ ለሐኪሙ ንገሩ። ውጭ ያላችሁ በተለይ፤ እዚያ ያለ ሐኪም ሊጠይቃችሁ ላያስብ ይችላል። ኤኤንኤ ብቻውን አዎንታዊ መሆኑም ምርመራ አይባልም፤ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል።

ጥርጣሬው ሲጠነክር ባዮፕሲ ይመጣል። በቀጭን መርፌ ከጉበት ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ሰው ይፈራዋል፤ ሆኖም ለአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት

ለአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነው፤ ቆይቶ አዛታዮፕሪን ይጨመራል። ጥሩ ይሠራል፤ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን የሰውነትን መከላከያ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት ሦስት ነገር መታየቱን ጠይቁ። ሄፓታይተስ ቢ፣ አሁን ያለው ብቻ ሳይሆን ያለፈውም፤ ተኝቶ የነበረ ቫይረስ በስቴሮይድ ሊነሳ ይችላል። ሳንባ ነቀርሳ። እና ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል፤ በስቴሮይድ ላይ ሆኖ መላ ሰውነት ውስጥ ሊሰራጭ የሚችል ነው። የሰገራ ምርመራ ርካሽ ነው። ሳይደረግ አትጀምሩ።

ከተጀመረ በኋላ በራሳችሁ አታቁሙ። ፊቴ አበጠ፣ ወፈርኩ ብላ አንድ ቀን ጥላው የምትመጣ ሴት አለች። ሐዘኗ ይገባኛል። መጠኑ ግን ቀስ በቀስ የሚወርድ ነው፤ ድንገት ሲቋረጥ ጉበቱም ሰውነቱም ይናጋል። ቅሬታውን ለሐኪሙ ተናገሩ፤ መጠን መቀነስም፣ ሌላ መድኃኒት መሞከርም ይቻላል።

የታማሚው ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች አንድ ጊዜ ኤኤልቲና አልካላይን ፎስፋቴዝ ቢያሠሩ በቂ መነሻ ነው። ሕመምተኛዋ ፒቢሲ ያለባት ከሆነ እህቶቿና ሴት ልጆቿ ስለ ኤኤምኤም ሐኪማቸውን ያማክሩ። ውጤቱ ደህና ከሆነ በየወሩ መሮጥ አያስፈልግም፤ ምልክት ከመጣ ወይም ከላይ ካየናቸው መድኃኒቶች አንዱ ለረጅም ጊዜ ከታዘዘ ይደገማል። ወረቀቱን አትጣሉት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኤኤልቲ ከፍ ቢል ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ድሮ ስንት ነበር?» ብሎ ነው።